ራሱን የሚያሰላ ሠንጠረዥ፤ ከባሕረ ሐሳብ እስከ ኤክሴል

የእድር መዝገብ ሲባል ሁላችንም በዓይናችን የሚመጣው ያ ጠርዙ ያለቀ፣ በመስመር የተከፋፈለ ትልቅ ደብተር ነው። በግራ በኩል የአባላት ስም ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከራሱ ላይ ደግሞ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ወራቱ ጎን ለጎን ይደረደራሉ። ስምና ወር በተገናኙበት ቦታ የተከፈለው ብር ይጻፋል፤ ያልተከፈለበት ቦታ ባዶውን ይቀራል። ዛሬ በኮምፒዩተር ላይ ኤክሴል የምንለውም በመሠረቱ ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም። ረድፍ አለው፣ ዓምድ አለው፣ ረድፍና ዓምድ የሚገናኙበት ሣጥን አለው። ልዩነቱ ድምሩን ሰው ሳይሆን ሠንጠረዡ ራሱ መደመሩ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ብዙ እድሮች «መዝገባችንን ወደ ኮምፒዩተር እናግባው» የሚለውን ሐሳብ እያነሡ ነው። የሚፈለገውም እንዲሁ ሠንጠረዥ ብቻ አይደለም። ጸሐፊው የአባሉን ቁጥር ሲያስገባ ውዝፉን፣ ቅጣቱንና ለቀብር የሚገባውን ገንዘብ አስልቶ የሚያወጣ፣ ኤክሴልን የማያውቅ ሰው እንኳ ሊሠራበት የሚችል፣ ራሱን የቻለ ፕሮግራም የመሰለ ሠንጠረዥ ነው የሚፈለገው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሰው በሞተበት ዕለት፣ ሐዘንተኛው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ ለቤተ ሰቡ ስንት ብር ይሰጥ የሚለውን የሚወስነው ይህ ሠንጠረዥ ይሆናል ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ክርክር አያምርም፤ ጊዜውም የለም። ስለዚህ ገና ሳንጀምረው ታሪኩን ማየቱ ይበጃል።

ከሁሉ በፊት የነበረው የእኛው ሠንጠረዥ

በአገራችን «አስገባበት፣ መልሱን ይሰጥሃል» የሚባል ሠንጠረዥ ከኮምፒዩተር በፊት አልነበረም ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። በላስታ አብያተ ክርስቲያናትም ሆነ በሌላው አገር ሊቃውንቱ ሲሠሩበት የኖሩት ባሕረ ሐሳብ እንዲህ ያለ ነገር ነው። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ድርሰቱን የእስክንድርያ 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ለነበረው ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። ሥራው በየዓመቱ ጾመ ነነዌ፣ ዐቢይ ጾም፣ ሆሳዕና፣ ትንሣኤ፣ ዕርገትና ጰራቅሊጦስ በየትኛው ቀን እንደሚውሉ ማወቅ ነው።

ስሌቱን አንድ ጊዜ በቁጥር እንየው። የ2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ። ከ2018 ላይ የብሉይን 5500 ዘመን ስንጨምር ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ይህን ለ4 ስናካፍል 2 ይተርፋል፤ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ስለሆነ ዘመኑ ማርቆስ ነው። 7518ን ለ19 ስናካፍል 13 ይተርፋል፤ ከዚህ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ይሆናል። ወንበሩን በ11 አባዝተን 30፣ 30 እየገደፍን ስናወጣ አበቅቴው 12 ነው። ወንበሩን በ19 አባዝተን እንዲሁ ስንገድፍ መጥቅዑ 18 ነው። መጥቅዕ ከ14 በላይ ከሆነ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ከ14 በታች ከሆነ በጥቅምት ይውላል። ስለዚህ መስከረም 18 ይሆናል ማለት ነው፤ ዕለቱ እሑድ ነበር። የእሑድ ተውሳክ 7 ነው፤ 18ና 7 ሲደመር መባጃ ሐመሩ 25 ይሆናል። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባ ማለት ነው። የትንሣኤ ተውሳክ 69 ስለሆነ በ25 ላይ 69 ሲጨመር 94 ይሆናል፤ ለጥር፣ ለየካቲትና ለመጋቢት 90 ቀን ሲቀነስ 4 ይቀራል። የ2018 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን ነው።

ይህን ሁሉ መደመርና መግደፍ በየዓመቱ እንደ አዲስ ማድረግ ግን አያስፈልግም። ወንበር ከ0 እስከ 18 ብቻ ስለሆነ 19 ረድፍ ያለው ሠንጠረዥ አበቅቴንና መጥቅዕን ለዘለዓለም ይይዛል። ወንበሩ ዜሮ ሲሆን ሊቃውንቱ «አልቦ» ይሉታል፤ የግእዝ አኃዝ የዜሮ ምልክት ባይኖረውም ሐሳቡ ግን አልጎደለም። የሳምንቱን ዕለታትና የአራቱን ወንጌላውያን ዘመን ጨምረን ስናየው 19 በ28 ሲባዛ 532 ዓመት ይመጣል። ይህ ዐቢይ ቀመር ይባላል። የ532 ዓመት ሠንጠረዥ አንድ ጊዜ በብራና ላይ ከተሠራ፣ የዓመቱን ረድፍ ፈልጎ ማንበብ የሚችል ሰው ሁሉ ማካፈልና ማባዛት ባይችል እንኳ የበዓላቱን ቀን ያገኛል። ከ532 ዓመት በኋላም ያው ሠንጠረዥ ተመልሶ ይሠራል። እንግዲህ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ማለት ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? አስቦ የሠራው ሊቅ አንድ ጊዜ ይደክማል፤ የሚጠቀምበት ሰው ግን ጥያቄውን ይዞ መጥቶ መልሱን ይዞ ይሄዳል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛው፣ ሠንጠረዡ ስሕተቱን የሚያጋልጥበት መንገድ አለው። በማንኛውም ዓመት አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መሆን አለባቸው። ከላይ ባየነው ምሳሌ 12ና 18፣ ሠላሳ ነው። ሠላሳ ካልመጣ ጸሐፊው ሲገለብጥ ተሳስቷል ማለት ነው። መጥቅዕም ከቶ 14 ሆኖ አያውቅም። ፋሲካም ከመጋቢት 26 በፊት፣ ከሚያዝያ 30 በኋላ አይውልም። ከዚህ ወሰን የወጣ መልስ የሚሰጥ ሠንጠረዥ ወዲያው ይታወቅበታል።

ሁለተኛው፣ ሕጉ የተደበቀ አይደለም። ሠንጠረዡ መልሱን ብቻ የሚያሳይ ቢሆንም ሕጉን ተማሪው በቃሉ ይይዘዋል፤ መምህሩ ቢሞት ተማሪው አለ፤ የአንዱ ደብር ሠንጠረዥ ቢቃጠል ሌላው ደብር አለው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ይህን ሀብት እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት «ባሕረ ሐሳብ» በተባለው መጽሐፋቸው ለሁሉም በሚገባ አማርኛ አቅርበውታል። ከእሳቸው በፊት የሒሳብ ታሪክ ሊቅ የነበረው ኦቶ ኖይገባወር የኢትዮጵያን የሥነ ፈለክና የዘመን ስሌት የሚመረምር መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1979 ቪዬና ላይ አሳትሞ ነበር። አጋጣሚ ሆኖ በኮምፒዩተር ላይ የሚሠራው የመጀመሪያው ታዋቂ ሠንጠረዥ ለገበያ የቀረበውም በዚሁ በ1979 ነው።

ከጥቁር ሰሌዳ የተነሣው ሐሳብ

ዳን ብሪክሊን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1978 በሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሒሳብ ሠንጠረዥ ሲሠራ ይመለከታል። አንድ ቁጥር ስሕተት ሆኖ ሲገኝ ከዚያ ቁጥር የተወለዱትን ቁጥሮች ሁሉ እያጠፉ እንደገና መጻፍ የግድ ነበር። የእድር ጸሐፊ ሆኖ የሠራ ሰው ይህን ጣጣ በደንብ ያውቀዋል፤ በጥር ወር ያለች አንዲት ስሕተት የነሐሴን ድምር ታበላሻለች። ብሪክሊን «ሰሌዳው ራሱ ቢያርምልኝስ» ብሎ አሰበ። ከጓደኛው ከቦብ ፍራንክስተን ጋር ሆነው ቪዚካልክ የተባለውን ፕሮግራም ሠሩ፤ በ1979 አፕል ሁለት በተባለው ኮምፒዩተር ላይ ለሽያጭ ቀረበ። 63 ዓምድና 254 ረድፍ ነበረው። ለዛሬ ሰው ትንሽ ነው፤ ለአንድ መካከለኛ እድር ግን ዛሬም ይበቃ ነበር።

የቪዚካልክ ትልቁ ነገር በሣጥኑ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነገር መቀመጥ መቻሉ ነው፤ ቁጥር ወይም ትእዛዝ። «ከዚህ በላይ ያሉትን ደምር» የሚል ትእዛዝ የተጻፈበት ሣጥን ከላይ ያለው ቁጥር በተለወጠ ቁጥር ድምሩን ራሱ ይለውጣል። «እንዲህ ከሆነ ይህን፣ ካልሆነ ያንን» የሚለውንም መቀበል ይችላል። በእኛ ምሳሌ እንናገር ብንል፣ ገና ታኅሣሥ 29 ይውላል፤ ዘመነ ዮሐንስ ሲሆን ግን ታኅሣሥ 28 ነው። «ዓመተ ዓለም ለ4 ሲካፈል ትራፊ ከሌለው 28፣ ካለው 29» ብሎ በአንድ ሣጥን ውስጥ መጻፍ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ዓመቱን የሚያስገባ ሰው ስለ አራቱ ወንጌላውያን ማሰብ አይጠበቅበትም።

ሠንጠረዡ ፕሮግራም ሲመስል

እ.ኤ.አ. በጥር 1983 ሎተስ 1-2-3 የተባለው ፕሮግራም ወጣ፤ የሠሩት ሚች ኬፖርና ጆናታን ሳክስ ናቸው። ሎተስ በፍጥነቱ ቪዚካልክን ከገበያ ገፍቶ አስወጣው። ለእኛ ነገር ግን ከፍጥነቱ ይልቅ የሚጠቅመው ማክሮ የሚባለው ነው። ማክሮ ማለት ሰው በጣቱ አንድ በአንድ የሚጫናቸውን ትእዛዞች በሠንጠረዡ ላይ ጽፎ ማስቀመጥና በአንድ ቁልፍ ብቻ ማስኬድ ነው። እንዲያውም ፋይሉ ገና ሲከፈት ራሱ የሚጀምር ማክሮ ነበር። ባለሙያው ይህን ተጠቅሞ ሠንጠረዡ ሲከፈት «1ኛ መመዝገብ፣ 2ኛ መክፈል፣ 3ኛ ማተም» የሚል ምርጫ እንዲመጣ ያደርጋል፤ ተጠቃሚው ከሥሩ ያለውን ረድፍና ዓምድ አያየውም። በዚያ ዘመን የሎተስን ሠንጠረዥ ያለ ሎተስ ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚለውጡ መሣሪያዎችም ይሸጡ ነበር።

ኤክሴል እ.ኤ.አ. በ1985 ለማኪንቶሽ፣ በ1987 ለዊንዶውስ ወጣ። በ1993 ደግሞ ቪዥዋል ቤዚክ የተባለ ሙሉ የፕሮግራም ቋንቋ ተጨመረበት። ከዚህ ወዲህ ሠንጠረዥን ፕሮግራም ማስመሰል ለማንም የቢሮ ሠራተኛ የሚቻል ሥራ ሆነ። ዘዴው በአጭሩ ይኸውና፤ መስመሮቹን ትሰውራለህ፣ የማይነኩትን ሣጥኖች ትቆልፋለህ፣ መጻፊያ ቦታውን በቀለም ትለያለህ፣ ከተዘረዘረ ነገር ውስጥ ብቻ እንዲመረጥ ታደርጋለህ፣ ቁልፍ ሠርተህ ማክሮ ታስርበታለህ። ከዚያ በኋላ የሚከፍተው ሰው ኤክሴል መሆኑንም ላያውቅ ይችላል።

ለአማርኛ ጸሐፊ ግን ሌላ ችግር ነበረበት። ቀድሞ የነበሩት የግእዝ ፊደል ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር ነበራቸው፤ በአንዱ የተጻፈ የአባላት ዝርዝር በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል ሥርዓት ውስጥ ከገባ ወዲህ ነው ስም በአማርኛ ጽፎ በማንኛውም ኮምፒዩተር ላይ ማንበብ የተለመደው። እንዲያም ሆኖ አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ» ሲል ሌላው «ሀይሉ» ብሎ ከጻፈ ለኮምፒዩተሩ ሁለት ሰው ናቸው። ስለዚህ አባል በስሙ ሳይሆን በቁጥሩ መመዝገብ አለበት።

የታመነ ሠንጠረዥ ሲያሳስት

መቼም ሰው የሚታለለው በሚያምነው ነገር ነው። በእጅ የተጻፈ ደብተር ሥርዝ ድልዝ ስላለበት ሁሉም ይጠራጠረዋል፣ ይመረምረዋል። በቀለም ያማረና ቁልፍ ያለው ሠንጠረዥ ግን «ኮምፒዩተሩ ነው ያለው» ያሰኛል። በዓለም ላይ የደረሱ ሁለት ነገሮችን እንጥቀስ።

የመጀመሪያው፣ ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ የተባሉ ሁለት ታዋቂ የኢኮኖሚ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ መንግሥታት ዕዳ አንድ ጽሑፍ አወጡ። በብዙ አገር ለክርክር ማስረጃ ሆኖ ተጠቀሰ። በ2013 ቶማስ ሄርንደን የሚባል ተማሪ የኤክሴል ሠንጠረዡን ከራሳቸው ተቀብሎ ሲመረምር አማካዩን የሚያወጣው ትእዛዝ ከረድፍ 30 እስከ 49 መድረስ ሲገባው በ44 ላይ መቆሙን አገኘ። አምስት አገሮች ሳይቆጠሩ ቀርተዋል። በእድር ቋንቋ ስንተረጉመው፣ በመጨረሻ የገቡት አምስት አባላት ከድምሩ ውጭ ናቸው ማለት ነው። ስሕተቱ ከሦስት ዓመት በኋላም ቢሆን የተገኘው ግን ሠንጠረዡ ለሌላ ሰው ዓይን ስለተሰጠ ነው።

ሁለተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ጊዜ በእንግሊዝ አገር የሕሙማን ዝርዝር በአሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ይተላለፍ ነበር። ያ አሮጌ ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ አይዝም። ከዚያ በላይ የመጣው ሳይመዘገብ ቀረ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ 15,841 ሕሙማን ከዕለታዊው ቁጥር ተዘለሉ፤ ከእነሱ ጋር የተገናኙትን ሰዎች ፈልጎ ማስጠንቀቁም ዘገየ። ሠንጠረዡ «ሞልቻለሁ» ብሎ አልጮኸም። አዲሱ ዓይነት ከ2007 ጀምሮ 1,048,576 ረድፍ ይይዛል፤ ነገር ግን ሠንጠረዥ ሲጎድልበት ዝም ማለቱ ዛሬም ያው ነው።

ማክሮም የራሱ መዘዝ አለው። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኤክሴል ማክሮ ውስጥ ተደብቀው የሚተላለፉ ቫይረሶች ታይተዋል። በዚህ የተነሣ ማይክሮሶፍት በ2022 ከኢንተርኔት በመጣ ፋይል ላይ ያለ ማክሮ እንዳይሠራ አገደ። በማክሮ ብቻ የቆመ የእድር ሠንጠረዥ በኢሜል ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ሲላክ ቁልፎቹ ሊደነዝዙ ይችላሉ። የሣጥን መቆለፊያውም ቢሆን እጅ እንዳይስት የሚጠብቅ እንጂ ሌባ የሚከለክል አይደለም።

የአርባው ቀን ሒሳብ

የእድር ሠንጠረዥ የባንክ ሠንጠረዥ አይደለም፤ ቀን ይቆጥራል። መዋጮ በወር ነው፤ አርባና ሰማንያ በቀን ነው። ኤክሴል ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው፤ ጳጉሜን ብትጽፍለት አያውቃትም። በራሱ አቆጣጠር እንኳ አንድ የቆየ ስሕተት ተሸክሟል። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1900 የካቲታቸውን 28 ቀን ሲያደርገው ሎተስ 29 አድርጎ ቆጥሮት ነበር፤ ኤክሴልም ከሎተስ ፋይሎች ጋር ለመስማማት ሲል ያንኑ ስሕተት እያወቀ ወረሰው። እስከ ዛሬም አልተነካም። አንድ ጊዜ ብዙ ሰው የተደገፈበት ስሕተት እንዲህ ሕግ ይሆናል።

ደግነቱ የእኛ አቆጣጠር ለስሌት የተመቸ ነው። ወሩ ሁሉ 30 ስለሆነ ማንኛውንም ቀን ወደ አንድ ቁጥር መለወጥ ይቻላል። ዓመቱን በ365 አባዛ፤ ዓመቱን ለ4 አካፍለህ ትራፊውን ትተህ ሙሉውን ጨምር፤ ከወሩ ተራ ቁጥር አንድ ቀንሰህ በ30 አባዝተህ ጨምር፤ በመጨረሻ ቀኑን ጨምር። ለምሳሌ ነሐሴ 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ያረፈ ሰው ቢኖር ቁጥሩ 736,318 ይሆናል። ያረፈበትን ዕለት አንድ ብለን አርባውን ለማግኘት 39 ስንጨምር 736,357 ይመጣል፤ ይህ መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች። ጳጉሜን 5 በሆነችበት ዓመት ቢሆን ኖሮ መስከረም 14 ይውል ነበር። ይህችን አንዲት ቀን የማያውቅ ሠንጠረዥ ዘመድ ጠላውን ጠምቆ፣ ካህናቱን ጠርቶ፣ ቀን አሳስቶ እንዲቆም ያደርገዋል።

ለእኛ እድር ምን ይበጃል?

በወሎ ገጠር ቅሬ የምንለው፣ በከተማው እድር የሚባለው ማኅበር የቆመው በገንዘቡ ብዛት ሳይሆን በመተማመን ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላልና መዝገቡም የመተማመኑ ምስክር ነው። ስለዚህ ሠንጠረዥ እንዲሠራልን ስናዝዝ ከላይ ካየነው ታሪክ የሚከተለውን ብንይዝ መልካም ነው።

1ኛ፤ ደንቡ ለብቻው ገጽ ይኑረው። ወርኃዊ መዋጮው፣ የመዘግየት ቅጣቱ፣ ለአባል፣ ለትዳር ጓደኛና ለልጅ የሚከፈለው ገንዘብ እያንዳንዱ በአንድ ሣጥን ብቻ ይጻፍ። ጠቅላላ ጉባኤው መዋጮውን ሲለውጥ አንድ ሣጥን ይለወጣል፤ ሌላው ይከተላል። ነገር ግን ከዚያ ወር በፊት የነበረው ውዝፍ በድሮው ዋጋ እንዲታሰብ ደንቡ የጸናበት ቀንም አብሮ መጻፍ አለበት። ይህ ከተረሳ በአንድ ጀምበር የሁሉም ሰው ያለፈ ዕዳ ያድጋል።

2ኛ፤ መጻፊያው፣ ማስሊያውና ማሳያው ይለያዩ። ጸሐፊው የሚጽፈው የደረሰኝ ቁጥር፣ ቀን፣ የአባል ቁጥርና ብር ብቻ ይሁን። ውዝፉን በእጁ አይጻፍ፤ ሠንጠረዡ ያስላው።

3ኛ፤ እንደ አበቅቴና መጥቅዕ የሚመሳከር ነገር ይኑረው። የደረሰኞች ድምር፣ የአባላት ክፍያ ድምርና በባንክና በእጅ ያለው ገንዘብ ከወጪው ጋር ሲታሰብ እኩል መምጣት አለበት። ካልመጣ ገጹ በቀይ ይጩህ። አባላት በሙሉ መቆጠራቸውንም የሚያሳይ ቁጥር ከላይ ይቀመጥ። መዝገቡ 180 ሰው ካለው ሠንጠረዡ 175 ብሎ መቁጠር የለበትም።

4ኛ፤ በተቻለ መጠን በተራ ትእዛዝ ይሠራ፤ ማክሮ ለማተሚያና ለመሳሰለው ብቻ ይሁን። እንዲህ ከሆነ ሊብረኦፊስ በተባለው ነፃ ፕሮግራምም ይከፈታል፤ ኤክሴልን ለመግዛት አቅም ባይኖረን አንቸገርም።

5ኛ፤ የሚስጥር ቃሉ በአንድ ሰው ኪስ አይቅር። በብዙ እድር የገንዘቡ ሣጥን ቁልፍ ለዳኛው፣ ለጸሐፊውና ለገንዘብ ያዡ ተከፋፍሎ እንደሚያዘው ሁሉ፣ የሠንጠረዡም ቃል በታሸገ ወረቀት ተጽፎ በሌላ ሰው እጅ ይቀመጥ። ሠሪው ቢሄድ ወይም ቢሞት መዝገቡ አብሮት እንዳይቀበር ነው። የእያንዳንዱም ስሌት ሕግ በአማርኛ ተጽፎ ከእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ጋር ይያያዝ፤ ማንም አባል የራሱን ሒሳብ በወረቀትና በእርሳስ ደግሞ አስልቶ ማመሳከር መቻል አለበት።

6ኛ፤ በየወሩ ይታተም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በጦርነቱ ምክንያት በላሊበላና በአካባቢው መብራትና ስልክ ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ሞት ግን አልተቋረጠም፤ ቀብርም አልቀረም። መብራት ሲጠፋ ኮምፒዩተር ሣጥን ብቻ ነው። የታተመና በሦስት ሰው የተፈረመ ወረቀት ግን በኩራዝም ይነበባል።

ሠንጠረዡ ከተሠራም በኋላ አሮጌው ደብተር ወዲያው አይዘጋ። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢያንስ አንድ ዓመት፣ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ይሂዱ። በየወሩ መጨረሻ ይመሳከሩ፤ የተለያዩበት ሁሉ ተጽፎ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቅረብ። ልዩነት በተገኘ ጊዜም «ኮምፒዩተሩ ነው ያለው» የሚለው መልስ ተቀባይነት አይኑረው። ጸሐፊው ሕጉን ከፍቶ፣ ቁጥሩን ቆጥሮ፣ አባሉ እያየ ያስረዳ። ይህን ማድረግ የማይቻልበት ሠንጠረዥ፣ ቁልፉ ምንም ያህል ቢያምር፣ ለእድር ሥራ ገና አልደረሰም።

የሥራ አመራር ኮሚቴው ይህን ሐሳብ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ እንዲያቀርበው እየጠየቅሁ፣ ኤክሴል የሚያውቁ ወጣቶቻችንና ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ አባቶቻችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ ሥራው የተሻለ እንደሚሆን አምናለሁ። ያለፉትን አባሎቻችንን ነፍስ ይማር፤ ለቀሩት ዕድሜና ጤና ይስጥልን።